የሃታ ሞዴል ከልኬቴ ጋር አልገጥም አለኝ፤ የትኛውን ልጠቀም?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የሞባይል ሲግናል በርቀት ምን ያህል እንደሚዳከም በስሌት መገመት ነው፤ ለዚህም ሃታ የሚባለውን ቀመር ተጠቀምኩ። አንቴናው 22 ሜትር ላይ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው 2600 ሜጋኸርዝ። ከ300 እስከ 900 ሜትር ባለው ርቀት በእግሬ እየዞርኩ ለካሁ። አንቴናው ፊት ለፊት በሚታይበት መንገድ ላይ ሲግናሉ ከሃታ ግምት 30 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ) ገደማ ይበልጣል። ከሕንፃ ጀርባ ደግሞ እስከ 10 ያንሳል። ሌሎቹን ሞዴሎች ሳይ ብዛታቸው ግራ አጋባኝ። እባካችሁ አግዙኝ።

ሞገድ፦
መጀመሪያ ኮድሽን እዪ። ብዙ ፕሮግራሞች ላይ "ሎግ" ስትዪ የሚሰጥሽ በ10 መሠረት ያለውን አይደለም። ሃታ ደግሞ ርቀትን በኪሎ ሜትር ነው የሚቀበለው።

ጠያቂዋ፦
ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ትክክል ናቸው።

የታወር ሰው፦
እህቴ፣ ቀመሩ ምንም አልሆነም። ያልተሠራለት ቦታ ወስደሽው ነው። ከየት እንደመጣ ልንገርሽ።

ፍሪስ በ1946 ያወጣው ቀመር መሰናክል ለሌለበት ባዶ ሕዋ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ በቃ። ከተማ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ፣ 1 ኪሎ ሜትር ላይ የፍሪስ ብክነት 91.5 ዴሲቤል ነው። ሃታ ለ30 ሜትር አንቴና 126 ገደማ ይላል። የ35 ዴሲቤል ልዩነት ማለት በኃይል 3000 እጥፍ ነው!

ይህን ክፍተት ወረቀት ላይ ብቻ መሙላት አልተቻለም። ስለዚህ ኦኩሙራና ባልደረቦቹ ቶኪዮና ዙሪያዋን እየዞሩ ለኩ፤ ውጤቱን በ1968 በግራፍ አወጡት። ያን ሁሉ ልኬት ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መሐንዲሱ መስመሩን በዓይኑ እየተከተለ ቁጥር ያነብ ነበር። ሃታ በ1980 እነዚያኑ ግራፎች ለኮምፒውተር እንዲመቹ ወደ ቀመር ለወጣቸው። ቀመሩ የሚሠራበት ወሰንም አብሮ ተቀምጧል፦ ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ ከ30 እስከ 200 ሜትር አንቴና፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቀት። አንቺ ከሦስቱም ወጥተሻል።

ጠያቂዋ፦
ከሦስቱም! ወሰኑን ጭራሽ አላነበብኩትም ነበር። ኮስት 231ስ ጋሼ?

ጣሪያ ለጣሪያ፦
እኔ ልመልስ። ለ1800 ሜጋኸርዝ ጂኤስኤም (የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል ኔትወርክ) የሃታ ወሰን ስላልበቃ፣ የአውሮፓው ኮስት 231 ፕሮጀክት እስከ 2000 አራዘመው። ላንቺ እሱም ያጥራል። ከዚያው ፕሮጀክት ዋልፊሽ-ኢኬጋሚ የሚባል አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። የሕንፃ ከፍታና የመንገድ ስፋት ይጠይቅሻል። ሞገዱ በጣሪያዎች ላይ አልፎ፣ ከመጨረሻው ጣሪያ ጠርዝ ታጥፎ ወደ መንገዱ ሲወርድ ያሰላል። ግን የእሱም ወሰን እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ነው።

ላንቺ የሚሆነው የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው የስሪጂፒፒ ሞዴል፣ 38.901 የሚባለው ነው። ከ0.5 እስከ 100 ጊጋኸርዝ ይሸፍናል። ከጣሪያ በላይ ላለ አንቴና የሚያስበው ከፍታ 25 ሜትር ነው፤ ያንቺ 22 ብዙም አይርቅም። ዋናው ነገር ግን አንቴናው የሚታይበትንና የማይታይበትን ቦታ በተለያየ ቀመር ማስላቱ ነው። በ2.6 ጊጋኸርዝ፣ 500 ሜትር ላይ ለሚታየው 98፣ ለማይታየው 127 ዴሲቤል ገደማ ብክነት ይሰጣል። ሃታን ያለ ወሰኑ ስታስገቢው ደግሞ 130 አካባቢ ይልሻል። 30 ዴሲቤሉ የመጣው ከዚህ ነው። ሃታ ሁሉንም በአንድ መስመር ነው የሚያየው።

ሞገድ፦
ልኬቱንም አትርሺ። ሲግናሉ በአንድ እርምጃ ውስጥ ይዋዥቃል፤ አንድ ነጥብ ለክተሽ አትመኚ። የተለመደው በ40 የሞገድ ርዝመት ላይ አማካይ መውሰድ ነው። በ2600 ሜጋኸርዝ 4.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ግማሹን ዳታ ሞዴሉን ለማስተካከል፣ ግማሹን ለመፈተሽ ያዢው። በዚያው ባስተካከልሽበት ዳታ ከፈተሽሽ ራስሽን ታታልያለሽ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነጥቦቹን የሚታይና የማይታይ ብዬ ለየኋቸው። የሚታዩት ከ38.901 ጋር በደንብ ተቀራረቡ። የማይታዩት አሁንም በተን ይላሉ፤ ሌላ ስህተት ይኖር ይሆን?

ጣሪያ ለጣሪያ፦
ምን ያህል ነው? ለማይታየው ሞዴሉ ራሱ የ6 ዴሲቤል መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የመበተን መጠን) ይዟል። እዚያ አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ጠያቂዋ፦
7 ነው። እፎይ!