ኢ-ካድሄሪን ለማየት የትኛውን አንቲቦዲ ልግዛ?

ማስተርሷ፦ ሰላም የላብ ሰዎች። ኤምሲኤፍ-7 በሚባሉት የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ኢ-ካድሄሪንን (ሴሎችን እርስ በርስ የሚያጣብቀውን ፕሮቲን) ማየት እፈልጋለሁ፤ በዌስተርን ብሎትም (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በሚያሳየው)፣ በፍሎውም (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለካው)። በጀቴ የሚበቃው ለአንድ ቫያል (ብልቃጥ) ነው። ፕሮቲኑን ለይተው ከሚይዙት አንቲቦዲዎች ኤችኢሲዲ-1 ይሻለኛል ወይስ 24ኢ10? የሞከራችሁ ተባበሩኝ።

ብሎት ሱሰኛ፦ እኔ የማዝዘው ከአንድ አስመጪ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት አላሳፈረኝም። ክሎኑ (የአንቲቦዲው ዓይነት) ምንም ይሁን፣ ከሱ ግዢ።

ማስተርሷ፦ ኤችኢሲዲ-1 አለው?

ብሎት ሱሰኛ፦ እሱን አላውቅም። ሰውዬው ግን ታማኝ ነው።

የተቃጠለ፦ አስመጪ አታንሱብኝ! አምና አንዱ ጋ አዝዤ አራት ወር ጠበቅኩ። ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ውሃ ሆኗል፤ የቫያሉ ጽሑፍ ረጥቦ ለቋል። ስደውል «ፍሪጅ ውስጥ ክተተው፣ ይስተካከላል» አለኝ። ቅቤ ነው እንዴ?

ዜድ፦ እኔም ኤንዛይም እንደዛ ሆኖብኛል። የፒሲአር (የዲኤንኤ ማባዣ) ፕራይመር ግን በርካሽ የት ይገኛል?

የተቃጠለ፦ ብሩንም አልመለሰልኝ!

ሹፈኛው፦ አንቲቦዲው አገር ጎብኝቶ ነው የመጣው። የአስጎብኚ ሒሳብ አለብህ።

ጋሽ ፒፔት፦ የተቃጠለ፣ ጣልከው እንዴ? ጥቂት ቀን ከፍሪጅ ውጭ ያደረ አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሚጎዳው እየቀዘቀዘ እየቀለጠ ሲመላለስ ነው።
እህቴ፣ ጥያቄሽን ረሳንብሽ። 24ኢ10 የሚይዘው ሴሉ ውስጥ ያለውን የፕሮቲኑን ጫፍ ነው። ለብሎት አሪፍ ነው፤ 120 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ባንድ (መስመር) ጠብቂ። ለፍሎው ግን የሴሉን ሽፋን መብሳት ይኖርብሻል። ኤችኢሲዲ-1 የውጩን ክፍል ስለሚይዝ በሕይወት ያለ ሴል ላይ ይሆንሻል። ለመሆኑ ሴሎቹን ካደጉበት ሳህን በምን ነው የምታነሺው?

ማስተርሷ፦ በትሪፕሲን-ኢዲቲኤ።

ጋሽ ፒፔት፦ ጉዱ እዚያ ላይ ነው! ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ይወስድብሻል። ካልሲየም ያጣ ካድሄሪን ደግሞ ፕሮቲን ለሚቆርጠው ለትሪፕሲን ሲሳይ ነው፤ የውጩ ክፍል ይቆረጣል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬይቺም እ.ኤ.አ. በ1977 የካድሄሪንን ፍንጭ ያገኘው በዚሁ ነበር፤ ካልሲየም ሲኖር ትሪፕሲን የሴሎቹን ማጣበቂያ አላጠፋውም። ለብሎት ሴሎቹን በረዶ ላይ አስቀምጠሽ በስክሬፐር ፋቂያቸው። ለፍሎው ያለ ትሪፕሲን፣ በኢዲቲኤ ብቻ አንሺያቸው። ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 የሚባሉ ሌሎች የጡት ካንሰር ሴሎች ካሏችሁም ጎን ለጎን ጫኚ። እነሱ ኢ-ካድሄሪን የላቸውም፤ እዚያም ባንድ ካየሽ አንቲቦዲው ዋሽቶሻል።

ዜድ፦ ፕራይመሩስ?

ብሎት ሱሰኛ፦ የኔ ሰውዬ ፕራይመርም ያመጣል።

ማስተርሷ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ስክሬፐር ፍለጋ ልወጣ ነው።

የተቃጠለ፦ ጋሼ፣ አዎ። ጥዬዋለሁ።