ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁም። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በሽተኛ አጠገብ ስሆን ምንም አልፈራም፤ ግፊት እለካለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ላብ በላብ እሆናለሁ።

የታካሚው መረጃ የሚመዘገበው ሲስተም ላይ ነው። የልብ ምቱ፣ ሙቀቱ፣ የኦክስጅን መጠኑ፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ሁሉ በየሳጥኑ መግባት አለበት፤ እኔ ፊደል በፊደል እየፈለግኩ ስጽፍ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋና እንደገና የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፣ ከኋላዬ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። በጣም የሚያስጨንቀኝ የአንዱን ውጤት በሌላው ፋይል ላይ እንዳልሞላ ነው። የመድኃኒት መጠን ላይ አንዲት ነጥብ ብትዘለል 2.5 የነበረው 25 ይሆናል፣ የሰው ሕይወት ነው እኮ!

“ተለማመጂ” ይሉኛል። ግን በእውነተኛ ታካሚ ፋይል ላይ እንዴት ይለማመዱበታል? (መምህሮቻችን ጥሩ ናቸው፣ ጊዜ ግን የላቸውም።) እንደኔ ስትፈሩ የነበራችሁ ነርሶች፣ ከምን ጀመራችሁ? መጀመሪያ ታይፒንግ ልማር ወይስ ቀጥታ ሲስተሙን? በሐሰተኛ የታካሚ መረጃ የሚለማመዱበት ፕሮግራም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ፈተናውም በኮምፒውተር ስለሆነ ከዚያ በፊት እጄን ማፍታታት እፈልጋለሁ።