ማኮብኮቢያ ላይ ያለ ሹፌር ከፓይለቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሁን?

ጠያቂው፦ እስቲ እንከራከር። በብዙ አየር ማረፊያዎች ሹፌሮች የሚያወሩበት ሬዲዮ ሌላ፣ ፓይለቶች የሚያወሩበት ሌላ ነው። ሁለቱንም የሚሰማው ታወር (የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ማማ) ብቻ ነው። ታወር ከረሳ አለቀ! እኔ ወደ ማኮብኮቢያው የሚገባ ሁሉ አንድ የሬዲዮ መስመር ላይ ይሁን ባይ ነኝ።

ታወር የሠራሁ፦ ሲወራ ያምራል። ግን ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ የሚሰማው ፉጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የስፔን ደሴት ቴነሪፍ ላይ ታወሩ አንዱን አውሮፕላን "ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ" ሲል፣ ሌላው አውሮፕላን ደግሞ "ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን" ሲል ድምፃቸው ተደራረበ። አውሮፕላኖቹ ተጋጩ፣ 583 ሰው አለቀ። አሁን በዚያ ላይ መብራት ቀያሪውን፣ ወፍ አባራሪውን ልትጨምርበት ነው?

ሹፌር ነኝ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኛንም ስሙን። "ከማኮብኮቢያው መግቢያ መስመር በፊት ቁም" ስባል ቃል በቃል እደግማለሁ። "እሺ" ብቻ ብሎ ማለፍ የለም። ስወጣም "ወጥቻለሁ" እላለሁ። ሌሊት በዝናብ ግን መብራቱ ሁሉ መስታወቱ ላይ ይፈስሳል። አውሮፕላን እየመጣ መሆኑን የምነቃው መብራቱን ሳይ ነው። ፓይለቱ ሲያወራ ብሰማ ግን ቀድሜ እነቃ ነበር።

ታወር የሠራሁ፦ ወንድሜ፣ መስማትማ ጃፓን፣ ቶኪዮ ሐኔዳ አየር ማረፊያ ላይም ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 የተጋጩት ሁለት አውሮፕላኖች፣ የመንገደኛውም የባሕር ጠረፍ ጥበቃውም፣ አንድ መስመር ላይ ነበሩ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ፓይለት "ተራህ አንደኛ ነው" ተባለ፤ ማኮብኮቢያው ላይ እንዲገባ የተፈቀደለት መሰለው። ተቆጣጣሪው ፊት ያለው ስክሪን ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ነበር፤ ልብ ያለው ግን የለም። ከመንገደኛው አውሮፕላን 379 ሰው በሙሉ ተረፈ፣ ከጠረፍ ጥበቃዋ ትንሽ አውሮፕላን 5 ሞቱ።

ዝም ብዬ የማነብ፦ ታዲያ ስክሪኑ ይጩህ! መኪናው ሁሉ ጂፒኤስ ይግጠም፣ ታወር ላይ በስሙ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፔሩ፣ ሊማ አየር ማረፊያ ላይ የእሳት አደጋ መኪኖች የፍጥነት ልምምድ ሲያደርጉ እየተንደረደረ ካለ አውሮፕላን ፊት ገቡ። መንገደኞቹ ተረፉ፣ እሳት አጥፊዎቹ ግን ሞቱ። ("በሦስት ደቂቃ ውስጥ ድረስ" የሚባል ሰው ፈቃድ መጠበቅ ይከብደዋል፣ እውነቱን ለመናገር።)

ጠያቂው፦ እሺ፣ ላስተካክል። ሁሉም መኪና አይሁን። ማኮብኮቢያውን የሚረግጥ ብቻ፣ ያውም እስኪወጣ ድረስ።

ታወር የሠራሁ፦ በዚህ መጠን ከሆነ እስማማለሁ። ስክሪኑ ግን ይቅደም።

ሹፌር ነኝ፦ ጋሼ፣ ስክሪኑ ያለው እርስዎ ጋ ነው። እኔ ጋ ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው።