የገጣጠምኩት ኮምፒውተር እየጮኸ አልነሳ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር አልነሳ ብሎኛል። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይጮሃል፣ ትንሽ ያርፍና ይደግመዋል። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ነው። የማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መመሪያ ስለ ጩኸቱ ምንም አይልም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ነው። ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች አሉኝ፤ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ላይ ናቸው። አውጥቼ ቀጭ እስኪሉ ድረስ መልሼ ሰካኋቸው። አንድ በአንድ እየቀያየርኩም ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። የሚገርመው፣ ሁለቱንም ሳወጣ ጩኸቱ ያው ራሱ ነው! ራሙን ጨርሶ የሚያየው አይመስለኝም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ክብ ባትሪም አውጥቼ መልሻለሁ። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ተሰክቷል።

አሁን ያስጨነቀኝ የፕሮሰሰሩ ሶኬት (መቀመጫው) ነው። ፕሮሰሰሩን ስገጥመው አንዴ ተንሸራቶብኝ ነበር። ከሶኬቱ ቀጫጭን የብረት ፒኖች አንዱ ቢታጠፍ ራሙ እንዳይታይ ያደርጋል? ሶኬቱን ለማየት ማቀዝቀዣውን ካነሳሁት ተርማል ፔስቱን (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጌ እንደ አዲስ መቀባት አለብኝ። ከዚያ በፊት ልሞክረው የሚገባ ነገር ካለ ንገሩኝ። ለዚህ ማሽን ብዙ ወር ነው ያጠራቀምኩት፤ በገዛ እጄ እንዳላበላሸው በጣም ፈርቻለሁ።