ለጋራው ፕሮፖዛል፦ ሌሊቱን ማን ይሸፍን?

ጸሐፊ፦ በራሳቸው መንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ድጋፍ የምንጠይቅበትን የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ ለጥፌያለሁ። ሳትሳቀቁ ተቹት።

አባል (ዊልቸር ተጠቃሚ)፦ ተደክሞበታል፣ ግን ዕቃ በዝቶበታል። ዊልቸር፣ ፍራሽ፣ አልጋ... ሁሉም ያስፈልጋል። ነገር ግን ጠዋት ከአልጋ አንስቶ የሚያስቀምጠኝ ሰው ከሌለ ዊልቸሩ ምን ሊሠራልኝ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ የረዳት ሰዓት ይሁን።

አባል (አስታማሚ)፦ እስማማለሁ ወንድሜ፣ ግን ሰዓቱን እንዘርዝረው። አለዚያ ጠዋት መጥቶ አጥቦ የሚሄድ ሰው ይመድቡና “ይኸው ሰጠናችሁ” ይሉናል። ሌሊቱስ? በራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው ሌሊትም ጎኑን የሚቀይርለት ይፈልጋል፤ እንደ ሰውዬውና እንደ ፍራሹ ቢለያይም በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ነው። ካልሆነ የአልጋ ቁስል ይመጣል፣ እሱ ደግሞ አንዴ ከጠለቀ ለመዳን ወራት ይፈጃል። አሁን ይህን የምንሠራው እናቶችና ሚስቶች ነን፣ ወገባችን አልቋል። እኛ የታመምን ዕለት ማን ይተካናል? ረቂቁ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም።

አባል (ነርስ)፦ ሥልጠናም ይግባ። ሕብለ ሰረሰሩ ደረቱ መሀል ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይም ሽንት የሚያወጣለት ቱቦ (ካቴተር) ሲታጠፍ የደም ግፊቱ ድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ ላብ፣ የፊት መቅላት ይታያል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥና ቱቦውን ማየት እንዳለበት የማያውቅ ረዳት “ትንሽ ተኛበት” ካለው የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

አባል፦ ረዳት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ ማዕከል ውስጥ ማኖር አይቀልም? ሌሊትም ሠራተኛ አለ።

አባል (ዊልቸር ተጠቃሚ)፦ ለማን ነው የሚቀለው? የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2006) አንቀጽ 19 የት እና ከማን ጋር እንደምንኖር የመምረጥ መብት አለን ይላል፤ ግላዊ ረዳትንም በስም ጠቅሶታል። ሽንት ቤት የሚያስገባኝን ሰው እኔ ልምረጥ እንጂ ተረኛው አይሁን።

ጸሐፊ፦ እሺ። የረዳት ሰዓት ከነሌሊቱ ወደ ላይ ይወጣል። ተተኪ ረዳትና ሥልጠና ይከተላሉ፣ ዕቃው ወደ ታች ይወርዳል። የማዕከሉን ሐሳብ ትቼዋለሁ። አስታማሚ ቤተሰብ ይከፈለው ወይስ ገንዘቡ ለውጭ ረዳት ብቻ ይዋል በሚለው ላይ ግን ገና አልተነጋገርንም፤ እዚሁ ቀጥሉበት።