አንድ ትኬት፣ አራት ቤት፦ የደሴ የባንዶች ምሽት ያለ ታዋቂ ዘፋኝ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ኪቦርድ ተጫዋቹ (ጥያቄውን ያነሳው)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳቡ ይሄ ነው። አንድ ቅዳሜ ከፒያሳ እስከ መናፈሻ ባለው መንገድ ላይ አራት ቤቶች በአንድ ትኬት ይከፈቱ። ሁለት ሆቴል፣ አንድ የባህል ምሽት ቤት፣ አንድ ካፌ። በየቤቱ የደሴና የኮምቦልቻ ባንዶች ይጫወታሉ፣ ሰው እጁ ላይ የወረቀት አምባር አስሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ያጨቃጨቀን ከአዲስ አበባ ስም ያለው ዘፋኝ ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚለው ነው። እኔ አይምጣ ባይ ነኝ። እሱ ከመጣ ሰው ሁሉ እሱ ያለበት ቤት ይታጨቃል፣ ሦስቱ ቤቶች ባዶ ወንበር ታቅፈው ያመሻሉ፣ እኛም እንደለመድነው እሱ እስኪደርስ ጊዜ መግፊያ እንሆናለን። አምባሰልና ባቲ ቅኝት ከመሆናቸው በፊት የዚህ አገር ቦታዎች ናቸው። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ልጆች እነ ማሪቱ ለገሰ አገር ያወቃቸው መድረኩ የራሳቸው ስለነበረ ነው። ዛሬ እኛ የሌለን እሱ ነው።

የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፣ ሒሳቡን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። የሳውንድ ኪራይ አለ፣ መብራት ከሄደ የጄኔሬተር ናፍጣ አለ፣ ተጨማሪ ጥበቃ አለ። ሰው ፖስተሩ ላይ የሚያውቀው ፊት ካላየ ኪሱን አይከፍትም። እናንተን ደግሞ በአንድ ቢራ ዋጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ያያችኋል። ለዚያው ነገር ትኬት ለምን ይቆርጣል?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦
ያው ነገር አይደለም እኮ። እናንተ ቤት ስንጫወት የሰው ዘፈን ነው የምንጫወተው፣ ሰዓቱ ረጅም ነው፣ የሚሰማንም የለም። በዚህ ምሽት ግን አንድ ባንድ 45 ደቂቃ ብቻ ይጫወታል፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ የራሱ ሥራ ይሆናል። የራሱ ዜማ የሌለው ባንድ አይመዘገብም። ሰው የሚከፍለው ሌላ ቀን የማይሰማውን ለመስማት ነው።

የማሲንቆ መምህሩ፦
እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ግን ልጆቼ፣ ሳትቆጡ አንድ ነገር ስሙኝ። ኪቦርዱ ላይ የተሞላ ምት ተጭኖ ሁሉም ዘፈን አንድ መልክ ይዟል። አምባሰል ሲባል ዝግ ብሎ ሆድ የሚያባባ ነው፣ እናንተ ለጭፈራ ታጣድፉታላችሁ። ከቅኝቶቹ ትዝታና ባቲ ይደጋገማል፣ አንቺ ሆዬን ደፍሮ አዲስ ዜማ የሚሠራበት ወጣት ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ከአራቱ ቤት አንዱ ያለ ሳውንድ ሲስተም ይሁን። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። ባለ አንድ ጭራ ማሲንቆ ሲናገር ሰው በራሱ ጊዜ ዝም ይላል። ታዋቂ ዘፋኙን በተመለከተ፣ ቢመጣ ቅር አይለኝም፣ ባይመጣም አልታመምም።

የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ እናት፦
እኔ ዘፈን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄን በማሲንቆ ነው የዳርኩ። ግን ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተኛች ከተማ ናት፣ ታች የተለቀቀ ድምፅ ላይ ቤት ገብቶ መስኮት ያርገበግባል። ሕጉም አለ። በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል፣ ያ ማለት ቀስ ብሎ ከሚያወራ ሰው ብዙም የማይበልጥ ነው። ጎረቤቴ ለሱብሒ ይነሳሉ፣ እኔ ለኪዳን እነሳለሁ። ሁለታችንም ያልተኛንበትን ሌሊት ማን ይመልስልናል? ጾሙንና ረመዳንን ደግሞ ከወዲሁ አይታችሁ ቀን ምረጡ። አንድ ቅዳሜ ነው ብላችሁ አታቃልሉት፣ አንዴ ከተፈቀደ ልማድ ይሆናል።

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦
እናቴ፣ እውነት ነው። መስኮትና በር ዘግተን፣ ባሱን ቀንሰን፣ ድምፅ ማጉያ ደጅ ሳናወጣ ነው የምናስበው።

አዳር ተረኛዋ ነርስ፦
እኔ ከሌላ ጎን ልናገር። ባለፈው ሥራ የሌለን ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ይሄንኑ ነገር በራሳችን ሞክረነው ነበር፣ በአንድ ምሽት ሦስት ቤት ለማዳረስ። መጀመሪያ የባህል ምሽት ቤት ገባን። ማሲንቆ ከቤዝ ጊታር ጋር ነበር፣ አዝማሪዋ የኔን ነጭ ጋቢ አይታ ግጥም ሰካችበት፣ ሳቅን፣ ሸለምን። ሁለተኛው ሆቴል ነው። እዚያ አራት ልጆች በባቲ የሠሩትን የራሳቸውን ዘፈን ተጫወቱ። ወላሂ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ድራመሩ በእጁ ብቻ፣ ያለ ዱላ ነበር የጀመረው፣ ጊታሩ ቀስ ብሎ ገባ፣ ዘፋኙ ልጅ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኗል። ዘወር ብዬ ሳይ ሰዉ ኳስ እያየ ነው። ቴሌቪዥኑ ከመድረኩ በላይ ተሰቅሏል! ያበሳጨኝ እሱ ነው። ሦስተኛው ቤት አልደረስንም፣ ባጃጅ እንዳያልቅብን ተጣድፈን ገባን።
ስለዚህ የናንተ ክርክር ታዋቂ ይምጣ አይምጣ ከሆነ፣ የኔ ጥያቄ ሴት ልጅ በምን ትመለሳለች ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ስለነበረ የክለብ ታዳሚ እስኪነጋ ውስጥ ይቆይ ነበር ይባላል፣ እኛ ያንን አንችልም፣ ቤተሰብ አለን። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሩት፣ 3 ሰዓት ላይ ይለቅ። ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። እትዬ ያነሱት የእንቅልፍ ነገርም በዚሁ ይፈታል።

የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ እናት፦
ልጄ ተባረኪ። በ3 ሰዓት ካለቀ እኔም አልቃወምም። በጽሑፍ ይሁን ግን።

የኮምቦልቻው ልጅ፦
ለምን ሁሌ ደሴ? እኛ 25 ኪሎ ሜትር ነው ያለነው፣ በሌሊት ግን የሐረጎን ተራራ ወጥቶ መውረድ ቀላል አይደለም፣ ሚኒባስም አታገኝም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ከ2009 ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች እዚህ ይሠራሉ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚዝናኑበት የላቸውም። ደሞዛቸው የሆቴል ትኬት አይችልም። ቅዳሜ ደሴ፣ እሑድ ኮምቦልቻ በቅናሽ ይሁን። ብርድም የለብንም፣ ከቤት ቤት መዞር እንደናንተ ጋቢ አያስጠቀልልም።

የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፦
10 ሰዓት ተስማምቶኛል፣ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። የትኬቱ ገንዘብ ግን እንዴት ይከፈላል? በየበሩ የገባው ሰው ይቆጠርና በዚያው ልክ እንካፈል።

የማሲንቆ መምህሩ፦
በቆጠራ ከሆነ ያለ ሳውንድ የሚጫወተው ቤት ተቀበረ። ትንሽ ክፍል ነው፣ 40 ሰው ይይዛል፣ ያንተ አዳራሽ ስንት እጥፍ ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። የኔ ሐሳብ፦ በመጀመሪያ ሙዚቀኛው ሁሉ እኩል ክፍያ በእጁ ይያዝ፣ ሰው ለሙዚቀኛ የሸለመውን ገንዘብ ማንም አይንካ፣ የተረፈውን ቤቶቹ ለአራት እኩል ይካፈሉ። የመጠጥ ሽያጩ እንዳለ የቤቱ ነው፣ ትልቅ አዳራሽ ያለው እዚያ ላይ ይጠቀማል። ድራምና አምፕሊፋየር በየቤቱ አንድ አንድ ይቀመጥ፣ ባንድ ሲቀያየር ዕቃ አይነሳ። የኛ ባንድ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ዕቃው ጠፍቶበታል፣ ከዚያ ወዲህ በኪራይ ነው የምንሠራው፣ እንደኛ ላለው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፦
እኩል ክፍፍሉን እቀበላለሁ። ያለ ታዋቂ ዘፋኝ ግን ትልቁን አዳራሽ አልሰጥም። ታች ያለውን ላውንጅ ውሰዱ፣ ሰው ከመጣ ለቀጣዩ አዳራሹን እንነጋገራለን።

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦
ላውንጁን ወስደናል። የራሳችሁ ሥራ ያላችሁ ባንዶች፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ ሁለት ሁለት ዘፈን በስልክ ቀድታችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። በአንቺ ሆዬ የሠራ ካለ ጋሼ ራሳቸው ይስሙት።