ፔቱኒያዎቼን ፀሐይ እየፈጀብኝ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በረንዳዬ ላይ ሦስት የአበባ ቅርጫት ሰቅያለሁ። ሁለቱ ፔቱኒያ፣ አንዱ ጄራንየም ነው። ቦታውን ከቀትር እስከ ማታ ፀሐይ አይለየውም። ጄራንየሙ ደህና ነው። ፔቱኒያዎቹ ግን አንጀቴን እየበሉት ነው።

ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ። 9 ሰዓት ሲሆን ቅጠላቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ አገኘዋለሁ። ትናንት አንዱን ቅርጫት ከፍ ሳደርገው ባዶ ያህል ቀለለኝ። ውሃ ሳፈስበት ወዲያው ከሥር ተንጠባጠበ። ጠገበ ብዬ ደስ አለኝ። ጣቴን ሳስገባ ግን አፈሩ ደረቅ ዱቄት ነው! ለካ አፈሩ ተኮማትሮ ከዳሩ ተላቋል፤ ውሃው በክፍተቱ ሾልኮ ነው የሚወርደው።

አፈሩ እንደገና ውሃ እንዲይዝ ምን ላድርግ? ቅርጫቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ይረዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሥሩ አይበሰብስም? በቀን ሁለቴ ባጠጣስ ማዳበሪያው ታጥቦ አያልቅም? ቅርጫቶቹ የሽቦ ናቸው፤ ውስጣቸው የኮኮናት ቃጫ ነው። ነፋሱ በየጎኑ የሚያደርቃቸው ይመስለኛል። ከውስጥ ፕላስቲክ ላልብሳቸው?

አሁንም እምቡጥ አላቸው፤ ላጣቸው አልፈልግም። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።